እንዳያጉረመርም የተመታ ውሻ

አናጢው ለእንጨት ትዕግሥተኛ ነበር። ደንበኞቹ «ሚሊሜትር» የሚል ቅጽል ያወጡለት በከንቱ አይደለም። አንዲት መሳቢያ ገብታ ስትወጣ ጫፏ ትንሽ ከነካ፣ ፈትቶ እንደ አዲስ ይሠራታል እንጂ «ምን ችግር አለው» ብሎ አያስረክብም። ይህ ትዕግሥቱ ግን ለውሻው አልደረሰም።

ውሻው አመድማ ስለሆነ አመዶ ይባላል። የአናጢው ቤትና ሥራ ቦታ አንድ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት መጋዙና መላጊያው፣ ከጀርባ መኝታ ቤቱ። አመዶ ቀኑን ሙሉ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ሰጋቱራ ላይ ተጋድሞ ይውላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም ነክሶ አያውቅም። ሚጢጢ የሚሏት የአምስት ዓመቷ የአናጢው ልጅ ጭራውን ስትጎትተው እንኳ ዞር ብሎ ከማየት በቀር ምንም አይላትም ነበር።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አናጢው የወደቀ ብሎን ሊያነሣ ጎንበስ ብሎ ውሻውን ጆሮው አካባቢ ገፋ ሲያደርገው፣ አመዶ ጥርሱን አሳየና አጉረመረመ።

«በእኔ ላይ?» አለ አናጢው። «እኔ አብልቼህ፣ እኔን ልትበላ?» አጠገቡ የነበረ ቀጭን ጣውላ አንሥቶ አፍንጫው ላይ አቀመሰው።

ጎረቤቱ ብረት በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። «አበጀህ!» አለ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ዛሬ ያጉረመረመ ነገ ይዘነጥልሃል። ብረትና ውሻ ካልመቱት አይቃናም።»

አመሻሽ ላይ ሚስቱ ከምትሠራበት ፀጉር ቤት ስትመለስ ነገራት። ሚስቱ አልሳቀችም።

«አመዶ ዝም ብሎ አያጉረመርምም። የሆነው ነገር አለ።»

«ምን ይሆናል? ጠግቦ ነው።»

«እስኪ ጠይቀው።»

«ውሻ ይጠየቃል? እንግዲያው ወንበር ስጪውና እንነጋገር!»

«ሳቅ አንተ። እንጨት ሲጣመምብህ ግን ‹ለምን ተጣመመ› እያልክ ሁለት ቀን ስታስብ ትውላለህ።»

አናጢው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቀጭኗ ጣውላ ምስማር ላይ ተሰቀለች። አመዶ ባጉረመረመ ቁጥር ትወርዳለች። በሦስተኛው ሳምንት ውሻው ማጉረምረሙን ጨርሶ ተወ። ሰው ሲጠጋው ፊቱን ያዞራል፣ ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ይልሳል፣ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ጥግ ይሸሻል። ይህን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። «ልክ ገባ» አለ አናጢው። ብዙዎቻችንም እንደ እሱ ነን፤ ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ ይመስለናል።

ከዚያ በኋላ ሳምንት አልሞላም። ሚጢጢ ከትምህርት ቤት መጥታ ጠረጴዛው ሥር ገባች፤ የአመዶን ጆሮ በሁለት እጇ ይዛ አፏን አስጠጋች። አናጢው ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ እየለካ ነበር። ምንም ድምፅ አልሰማም። መጀመሪያ የሰማው የልጁን ጩኸት ነው።

ጤና ጣቢያ ክንዷ አራት ቦታ ተሰፋ። «ምሥጢር ልነግረው ነበር እኮ» እያለች ታለቅሳለች። «ጥፋት አላጠፋሁም እኮ።»

«ውሻው ተከትቧል?» አለ ጤና ባለሙያው።

«ካርድ አለው። ግን ዛሬውኑ ነው የምጨርሰው!» አለ አናጢው፤ ደሙ ፈልቷል።

«እንዳይገደል። አሥር ቀን ታስሮ መታየት አለበት። ለእንስሳት ሐኪምም አሳዩት።»

ከፀጉር ቤት ሮጣ የደረሰችው ሚስቱ ልጇን አቅፋ ወደ ውጪ እየወጣች «አሥሩ ቀን ያልፋል» አለችው። «ከዚያ በኋላ ወይ እሱ፣ ወይ እኛ።»

በማግስቱ አናጢው አመዶን እየጎተተ ሄደ። የእንስሳት ሐኪሟ የውሻውን አፍ በጨርቅ አሰረችና ጆሮውን ስትነካው ሰውነቱ ሁሉ እንደ ጣውላ ደረቀ፤ ትንፍሽ ግን አላለም። በመብራት ወደ ውስጥ ተመለከተች።

«መግል ይዟል። ወር ሳያልፈው አልቀረም። ሰው ቢሆን ኖሮ ግድግዳ ይቧጥጥ ነበር። ሲነካ አያጉረመርምም?»

«ያጉረመርም ነበር። አስተውኩት።»

«በምን?»

አናጢው የአመዶን ገመድ ጣቱ ላይ ይጠመጥማል።

«በምን አስተዉት?»

«በጣውላ።»

ሐኪሟ በአናጢው ፀጉር ላይ የቀረውን ሰጋቱራ አየች። «አናጢ ነዎት መሰለኝ። እንጨት ሊሰነጠቅ ሲል ይታወቅዎታል?»

«ቀጭ ይላል።»

«ቀጭ ሲል ምን ያደርጋሉ?»

«መዶሻዬን አቆማለሁ።»

«ይኸውልዎ። ይህም ሲያጉረመርም ‹አቁሙ፣ አሞኛል› ማለቱ ነበር። እርስዎ ሕመሙን አላጠፉለትም፤ ‹አሞኛል› የሚልበትን ድምፅ ነው ያጠፉት። ልጅዎ ጋ ሲደርስ የቀረው ጥርሱ ብቻ ነበር።»

አናጢው መንገዱን ሁሉ በንዴት ተጓዘ። በሐኪሟ ተናደደ፤ በበያጁ ተናደደ፤ አስቀድማ ነግራው በነበረችው ሚስቱም ተናደደ። በራቸው ላይ ሲደርስ ያልተናደደበት የቀረው ሰው ራሱ ብቻ ሆነ።

ሚስቱ የሐኪሟን ቃል ሰምታ የሚጢጢን ፋሻ አስተካከለች። «ይቆይ እሺ፤ ልጄን ግን ደግሜ አላሰፋም» አለች። «በሥራ ቦታህና በቤቱ መካከል አጭር በር ትሠራለህ። እኔ ወይም አንተ በሌለንበት ሁለቱ አይገናኙም። እሱን ደግሞ በዱላ ያበላሸኸውን፣ ያለ ዱላ ታስተካክላለህ። አንድ ቀን በእሱ ላይ ጣውላ ስታነሣ ካየሁ፣ ያኔ አበቃ።»

በሩ በአንድ ቀን ተሠራ። ውሻው ግን በር አይደለም።

ሐኪሟ የሚዋጥ መድኃኒት በሥጋ ውስጥ እንዲሰጠው አዛለች፤ የጆሮ ጠብታው ደግሞ ሳይታገል እንዲገባለት ቀስ በቀስ ይለማመድ ብላለች። ጠርሙሱን ማሳየት፤ ጥፍር የምታክል የተቀቀለ ሥጋ መስጠት፤ ጠርሙሱን መደበቅ። ነገ ትከሻውን ነካ አድርጎ ሥጋ መስጠት። ከነገ ወዲያ አንገቱን። ፊቱን ካዞረ ማቆም። ሲያወሩት ቀላል ነው። አናጢው ግን ሥጋ ይዞ እጁን ባነሣ ቁጥር አመዶ መሬት ላይ ይለጠፋል።

«ሥጋ ነው እኮ! ሥጋ!» ብሎ አንባረቀ በአራተኛው ቀን። አመዶ በቆመበት ሸና። አናጢው ሰጋቱራው ላይ ቁጭ አለ። ያ እጅ ለውሻው ሥጋ ያዘ ጣውላ ያዘ ያው ነበር።

በያጁ መጥቶ ሲያየው ሳቀ። «ውሻህን በሥጋ ትለማመጠዋለህ አሉ! እኔንም አሠልጥነኝ እንጂ ወንድሜ።»

«አንተ ቶሎ አትማርም። ያንተን ምክር ሰምቼ ልጄን አስነከስኩ።»

«እንዴ! እኔ ነኝ የመታሁት?»

አናጢው ምስማሩ ላይ የተሰቀለችውን ጣውላ አየ። ከዚያ «አይደለህም» አለ። «እኔ ነኝ።»

ምስማሩን ነቅሎ ጣውላዋን ለሁለት ሰበራት። አሥሩ ቀን በደህና አለፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አመዶ ከእጁ ላይ ሥጋ ወሰደ፤ በሰባተኛው ሳምንት አገጩን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጠብታውን ተቀበለ። ጆሮው ዳነ። ማጉረምረሙ ግን አልተመለሰም። አናጢውን እስካሁን የሚያበሳጨው ይህ ነው፤ የተሰነጠቀ እንጨት ኮላ አለው፣ ፈርቶ የጠፋ ድምፅ ኮላ የለውም። ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ ያለ ድምፅ የሚናገረውን መማር ነበረበት፤ የዞረውን ፊት፣ የሚልሰውን አፍንጫ፣ የገባውን ጭራ።

ውሻ ያላችሁ ሁሉ፣ ውሻችሁ ሲያጉረመርም ዱላ አትፈልጉ። እጃችሁን ሰብስቡና ምን እንዳመመው፣ ምን እንዳስፈራው ፈልጉ። በዱላ ዝም ያሰኛችሁት ውሻ ጨዋ አልሆነም፤ ለእናንተ መንገሩን ነው የተወው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አናጢው የመስኮት ክፈፍ እየላገ፣ ሚጢጢ በአጭሩ በር ላይ ተደግፋ አመዶን ለመዳበስ እጇን ሰደደች። ሳትነካው እጇን አቆመች። ከዚያ መልሳ ወደ ጀርባዋ ደበቀችው።

«አባዬ፣ አሁን አልፈለገም።»

«በምን አወቅሽ? ምንም አላለም እኮ።»

«አለ እንጂ! አፍንጫውን ላሰ፣ ከዚያ ወዲያ ዞረ። አንተ ነህ ያልሰማኸው።»

አናጢው መላጊያውን አስቀመጠ። የቆመው ከእሷ ይልቅ ለውሻው ቀርቦ ነበር።

«እውነትሽን ነው» አለ።