የመቀበያው ቁጥር

ሽማግሌው የተገኙት ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው፣ የእጅ ሬዲዮናቸውን ደረታቸው ላይ እንደያዙ ነው። ልጃቸው ምሳ ይዛላቸው ስትገባ የተኙ መስሏት ኮቴዋን አጥፍታ ተጠጋች። አውራ ጣታቸው የመናገሪያውን ቁልፍ እንደተጫነ መድረቁን ስታይ ሳህኑ ከእጇ አመለጠ።

ጠረጴዛው ላይ የክብሪት ቀፎ የምታህለው የሆትስፖት ቦርድ ምንም እንዳልተፈጠረ መብራቷን ብልጭ ድርግም ታደርጋለች። ይህች ቦርድ ከእጅ ሬዲዮው የሚመጣውን ድምፅ ተቀብላ በኢንተርኔት ለሩቅ ሰው ታደርሳለች፤ የሩቁን ሰው ድምፅ ደግሞ ወደ ሬዲዮው ትልካለች። ሽማግሌው፣ ጡረታ የወጡት የሬዲዮ መምህር፣ ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ከቤት አይወጡም። ደጃፋቸውም አደባባያቸውም እሷው ነበረች።

ሐኪሙ መጥቶ «ልብ ነው» አለ። ልጅቷ ግን አልተዋጠላትም።

«አባቴ እጁ ላይ ሬዲዮ እያለ ሰው ሳይጠራ አይሞትም» ብላ ፖሊስ ጣቢያ ደወለች። ይህን ስትል ሌላ ነገር ውስጥ ውስጡን ይበላት ነበር፤ ጠዋት የሳቀችው ሳቅ። እሱን ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የመጣችው ኢንስፔክተር አጠር ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ፣ ሰው ሲያወራት ፊቱን ትታ ጫማውን የምታይ ሴት ናት። ስለ ሬዲዮ የምታውቀው ዜና መስማትን ብቻ እንደሆነ አስቀድማ ተናገረች። የሟቹን ሬዲዮ አነሳች። የድምፁ መጨመሪያ እስከ መጨረሻው ተጠምዟል። ልታበራው ሞከረች፤ አልበራም።

«ባትሪው አልቋል። መቼ ነው የተሞላው?»

መልሱ የመጣው ከበር ላይ ነው። በሬዲዮ ከሚያወሯቸው ወዳጆቻቸው አንዱ የሆነው ታክሲ ነጂ ወሬ ሰምቶ እየሮጠ መድረሱ ነበር። ከአፉ ወሬ ስለማይጠፋ ወዳጆቹ «ጥሩምባ» ይሉታል።

«ትናንት ነዋ! ከክሊኒክ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ቻርጀሩ ላይ የሰካሁትም እኔ፤ አረንጓዴ እስኪያበራ ሲያጫውቱኝ ቆይቼ ነው የወጣሁት።»

«ዝም ብለው ቢያዳምጡበትስ ቶሎ ያልቃል?»

«ኧረ እመቤቴ፣ ማዳመጥማ ቀኑን ሙሉ ያውላል! ባትሪ የሚበላው መናገር ነው።»

«እንግዲያው ጋሼ ያንን ቁልፍ ብዙ ተጭነውታል።»

ጥሩምባ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ። «ግን እኮ... ማናችንም አልሰማናቸውም» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

ቀጥላ የተጠየቀችው ሌላዋ የሬዲዮ ወዳጃቸው፣ ፋርማሲስቷ ነበረች። የልብ መድኃኒታቸውን ትናንት ይዛላቸው የመጣችው እሷ ስለሆነች ገና ሳትጠየቅ ፊቷ አመድ መስሏል። ኢንስፔክተሯ የመድኃኒቱን ብልቃጥ አገላብጣ ካየች በኋላ ለሐኪሙ አሳየችው፤ እንከን አልተገኘበትም።

«ጠዋት ጠዋት በሬዲዮ ትገናኛላችሁ አሉኝ።»

«አዎ። ስም እንጠራራለን። ደንቡን ያወጡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። ሦስቴ ተጠርቶ ያልመለሰ ሰው ቤቱ ይደወላል፤ ‹ብቻውን የሚኖር ሰው ሞቶ እንዳይከርም› ይሉ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ተጠሩ፤ አልመለሱም። አማቻቸው ‹ደውዬላቸዋለሁ፤ ደከም ብሏቸው ተኝተዋል› አለን። አመንነው።» ፋርማሲስቷ ዓይኗን ወደ መጋረጃው መለሰች። «እውነቱን ልንገርዎት? ልናምነው ፈልገን ነበር። ጋሼ አንዴ ንግግር ከያዙ መልቀቅ የለም፤ ዛሬ ደግሞ ከሌላ ከተማ እንግዶች ነበሩን። የሚያሳፍር ነው፤ ግን እንደዚያ ነው።»

በሩ አጠገብ የቆመችው ልጃቸው አንገቷን ደፋች።

መጨረሻ ላይ የልጅቷ ባል ገባ። መሐንዲስ ነው፤ የሬዲዮ ቡድኑም ሰብሳቢ። ለአማቱ ሆትስፖቱን ገዝቶ የገጠመላቸውም፣ የሚንከባከባትም እሱ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ መጥቶ ሶፍትዌሯን አድሶ፣ አቧራዋን ጠርጎ እንደሄደ ሳይደብቅ ተናገረ።

«ልትበላሽ ትችላለች?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ትችላለች። ውስጧ ያለው፣ ሞገዷን የሚለካላት ክሪስታል ትንሽ ይዛነፋል፤ ሰዓት ወደፊት እንደሚሮጠው ማለት ነው። ስለዚህ በኮምፒውተር በሚከፈተው ገጿ ላይ ማስተካከያ ቁጥር እንሞላላታለን፤ አንዱ ለመላኪያ፣ አንዱ ለመቀበያ። ቁጥሩ ከሳተ ቦርዷና ሬዲዮው አይደማመጡም።»

«ሁለት ቁጥር ያስፈለገው ሁለት ክሪስታል ስላላት ነው?»

«የለም፣ አንድ ነው። ለመላክም ለመቀበልም ያው አንዱ።»

«ስለዚህ ሲዛነፍ ሁለቱም እኩል ይዛነፋሉ?»

«እኩል ነው እንጂ!» አለ፣ አዋቂነቱ ደስ እያለው።

«ጠዋት ደውለውላቸው ነበር?»

«ደውዬ ነበር። አላነሱም።»

ኢንስፔክተሯ ጫማውን አየች። ሚስቱም ሰምታለች። ለቡድኑ ‹ተኝተዋል› ያለ ሰው አሁን ‹አላነሱም› ማለቱ ጆሮዋ ላይ ቀረ። ነገር ግን ባሏ ነው፤ ዝም አለች። ዝም በማለቷ ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አፈረች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም በመምህሩ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ኢንስፔክተሯ ፋርማሲስቷንና ጥሩምባን የየራሳቸውን ሆትስፖት ይዘው እንዲመጡ አዝዛ ነበር። የሁለቱ ቦርዶች ገጽ በላፕቶፕ ተከፈተ።

«ጮክ ብላችሁ አንብቡልኝ።»

የፋርማሲስቷ የመላኪያና የመቀበያ ቁጥር አንድ ዓይነት ነበር። የጥሩምባም እንዲሁ። የሟቹ ገጽ ተራው ሲደርስ ጥሩምባ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ይሄማ አይገናኝም! መላኪያው ደህና ነው፤ መቀበያው የት እንደሄደ እንጃለት።»

«አንድ ክሪስታል ሲታመም ሁለቱም እንደሚታመሙ መሐንዲሱ አስተምረውኛል» አለች ኢንስፔክተሯ። «እዚህ የታመመው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ ብልሽት አይደለም፤ እጅ ነው። መምህሩ ሲጠሩ ቦርዷ አልሰማቻቸውም። ባትሪያቸው እስኪያልቅ የጠሩት ከዚህ ጠረጴዛ አላለፈም። አሁን የማን እጅ ነው? ትናንት ጥሩምባ መጥተዋል፣ ፋርማሲስቷ መጥተዋል፣ መሐንዲሱ መጥተዋል። ልጃቸውም የቤቱ ቁልፍ አላት። የገጹን የይለፍ ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።»

ኢንስፔክተሯ ላፕቶፑን ወደ ጎን ገፋችው።

«ስለዚህ ቁጥሩን ተውኩትና ደንባችሁን ያዝኩ። ሦስቴ ተጠርቶ ላልመለሰ ሰው ይደወላል። ዛሬ እንዳይደወል ያደረገው አንድ ሰው ነው፤ ‹ደውያለሁ› ያለው።» የመምህሩን ሞባይል ከኪሷ አወጣች። «ይህ መኝታ ቤት ቻርጅ ላይ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የተነሳም ያልተነሳም ጥሪ የለበትም። ለወዳጆቻቸው ‹ተኝተዋል›፣ ለእኔ ‹አላነሱም› አሉ። ሁለቱም ውሸት ነው። ያልደወሉት መምህሩ ስልኩን ቢያነሱ የመጀመሪያ ቃላቸው ‹ለምንድነው የማትሰሙኝ?› እንደሚሆን ስለሚያውቁ ነው። ዝምታቸው ያላስደነገጠው ሰው ዝምታውን የሠራው ብቻ ነው።»

መሐንዲሱ ግድግዳውን ተደገፈ። መካዱን እንኳ አልሞከረውም።

«ለአንድ ጠዋት ብቻ ነበር» አለ። «በሰው ፊት ያርሙኛል። ‹አንተ ልጅ፣ እንደሱ አይባልም› ይሉኛል። እንግዶች ፊት... አንድ ቀን እንኳ ሳልታረም ልናገር ብዬ ነው። ከምሳ በኋላ መጥቼ ልመልሰው ነበር። እንደሚያማቸው በምን አውቄ?»

«መኪናዬ እኮ እዚህ ማዶ ነበረች!» ብሎ ጮኸ ጥሩምባ። «አንዲት ቃል ብሰማ በሩን ሰብሬም እገባ ነበር!»

«ቆይ» አለች ፋርማሲስቷ ቀስ ብላ። «መላኪያው ደህና ከሆነ... እኛን ይሰሙን ነበር ማለት ነው?»

«እየሰሟችሁ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍተውታል። ምን ምን ስትሉ እንደነበር የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዚያን ጠዋት ግን የመምህሩ ጆሮ አንድም ቃል አላመለጠውም። ጥሩምባ «ዛሬ እንኳ የአየር ሰዓት አገኘን» ማለቱ ትዝ ሲለው ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበት። ፋርማሲስቷ «እውነትም!» ብላ መቀበሏ ትዝ አላት። ልጅቷስ? ለእንግዶቹ ሰላም ልበል ብላ የባሏን ሬዲዮ ነጥቃ ነበር። «አባባ ተኝተውልናል፤ ዕድለኞች ናችሁ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። አባቷ ሲያጣጥሩ የሰሙት የልጃቸውን ሳቅ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«የገደላቸው ልብ ነው፤ ሐኪሙ አልተሳሳተም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰሚ የነፈጋቸው ግን እርስዎ ነዎት። ጣቢያ ሄደን ቃልዎን ይሰጣሉ።»

ባሏ ሊወጣ ሲል ልጅቷ በሩ ላይ ቆመችበት።

«መልሰው።»

«ምኑን?»

«ቁጥሩን። የአባባ ድምፅ እንዲሰማበት አድርገህ መልሰው።»

ኢንስፔክተሯ ገጹን ፎቶ አንስታ ጨርሳ ስለነበር አልከለከለችም። መሐንዲሱ የመቀበያውን ቁጥር ከመላኪያው ጋር አስተካከለው። ጥሩምባ የራሱን ሬዲዮ ባትሪ ነቅሎ ሰጣት። ልጅቷ በአባቷ ሬዲዮ ገጠመችውና አባቷ ይጫኑት የነበረውን ቁልፍ ተጫነች።

«የመምህሩ ቤት ነው» አለች። «ዛሬ ጠዋት ስማቸው ተጠርቶ አልመለሱም ተብሎ ነበር። መልሰው ነበር። ያልሰማናቸው እኛ ነን። አሁን የሉም። ጠዋት የሳቅሁት... ልጃቸው ነኝ።»

ቁልፉን ለቀቀች። ቦርዷ ብልጭ አለች። ከጠዋቱ እንግዶች አንዱ መሆን አለበት፣ የንግግሯን መጨረሻ ብቻ የያዘ አንድ ሰው ከሩቅ ከተማ በደስታ መለሰላት።

«እህቴ፣ ማን እንደጠራ አልያዝኩትም እንጂ ድምፅሽ ጥርት ብሎ ይሰማል!»