በጸበል ከሳች የተባለችው ሴት

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ የእንጅባራ ጭጋግ ገና ከደጅ አልተነሣም።

ኢንስፔክተር ሶስና የአስከሬን ምርመራውን ውጤት ይዛ ወደ ልብስ ነጋዴዋ ወደ አምሳለ ቤት ገባች። አምሳለ የፋሲካን ዶሮ በቀመሰች በሦስተኛው ቀን ሞታለች። ወጡን የሠራችው የቤት ሠራተኛዋ ሰርክአዲስ በመመረዝ ተጠርጥራ ታስራለች፤ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ትቀርባለች።

ሶስና አራት ቀን ሙሉ የጠየቀችው ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ ሌላው ቀስሯል። ባልየው አቶ ስማቸው ወደ ሠራተኛዋ፣ የሟች እህት ምሕረት ወደ ባልየው፣ ጎረቤቱ ወደ እግዜር። ደብተሯን መግለጥ ሰልችቷታል። ሁሉም የተስማሙት በአንድ ነገር ነው፤ አምሳለ የከሳችው በጸበል ነው። መክሳት በጀመረች በሁለተኛው ወር ስማቸው ‹ስለቴ ሰመረ› ብሎ በማኅበርተኛው ፊት ለደብሩ የስለት ጃንጥላ አስገብቷል።

ሰርክአዲስን አስመጥታ ሁሉንም በአንድነት አስቀመጠቻቸው።

«መርዝ የለም» አለች። «የገደላት የሐሞት ጠጠር ነው፤ ቱቦውን ዘግቶ መግል አስቋጥሯል። ሆዷ ላይ ደግሞ አምስት ትናንሽ የዳኑ ጠባሳዎች አሉ። ጨጓራዋ በቀዶ ጥገና እንዲያንስ ተደርጓል።»

«እኔስ ብዬ ነበር» አለች ሰርክአዲስ። «እትዬ ከሁለት ጉርሻ አያልፉም፤ በምን ሆዳቸው ነው የመረዝኋቸው?»

ቀዶ ጥገናውን የሠራው ሐኪም ሶስናን በስልክ እንዳስረዳት፣ እንዲህ በፍጥነት የከሳ ሰው ሐሞቱ ጠጠር ሊሠራ ስለሚችል ለስድስት ወር የሚዋጥ እንክብል ይታዘዝለታል። አምሳለ የዋጠችው የአንድ ወሩን ነው። የቀረው ብልቃጥ ሳይከፈት ከጓሮ ጉድጓድ ተገኝቷል።

«ማን ጣለው?» አለች ምሕረት፣ ሶስና ይህን ስትነግራቸው።

«ያቋረጠችው ጃንጥላው በገባበት ወር ነው» አለች ሶስና። «ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በፊት ደግሞ ቀኝ ጎኗን ወግቷት ክሊኒክ ሄዳለች። ካርዱ ‹ቀዶ ጥገና የለም› ይላል። የጨጓራ ሽሮፕ ሰጥተው ሸኟት። ነርሷ እንደምትለው፣ ለጥያቄው መልስ የሰጠው አብሯት የመጣው ሰው ነው። አቶ ስማቸው፣ ማን ነበር?»

«እህቷ ናት።»

«እኔ ያን ሳምንት ጫግኒ ነበርሁ» አለች ምሕረት። «መናኸሪያ የሸኘኸኝ አንተው አይደለህም?»

«አዲስ አበባ ለቀዶ ጥገናው የፈረመውም የእርስዎ እጅ ነው» አለች ሶስና።

ስማቸው ከዚያ በኋላ አልካደም።

«ጃንጥላው ገብቷል፤ እልል ተብሏል። ማኅበርተኛው እቤቴ መድኃኒት ቢያይ ምን ልበል? ስጥለው እሷም እሺ ብላለች።»

«ውጋቱንም እሺ ብላለች?»

ሶስና ለነርስ የተነገረ አንድ ‹የለም› በየትኛው አንቀጽ እንደሚያስጠይቅ አሰበች፤ ልኩ የሆነ አላገኘችም። ደብተሯን ወርውራ ብትወጣ በወደደች፤ አልወረወረችም፤ የሰውየውን ቃል ጽፋ አስፈረመችው።

ሰርክአዲስ ስድስት ሰዓት ላይ ተፈታች።