በሁለት እርሳሶች መካከል

ቤሪል ኔቪልን ያገኘችው ሰው ሊኖርበት በማይገባ ክፍል ውስጥ ነው።

በለንደኑ ስቱዲዮ ምድር ቤት ከወለሉ እስከ ጣሪያው ነጭ ሴራሚክ የለበሰ ባዶ ክፍል ነበር። ፎቅ ላይ የሚሠራ ዘፈን የገደል ማሚቶ ሲያስፈልገው ድምፁ በሽቦ ወርዶ እዚያ ካለው ድምፅ ማጉያ ይወጣል፤ ግድግዳው ላይ ሲያስተጋባ ማይክ ይለቅመውና ወደ ላይ ይመልሰዋል። በዚያ ከሰዓት ግን ከአንዲት ዘፋኝ ለስላሳ ዜማ ጋር የጡሩምባ ድምፅ አብሮ ወጣ። የድምፅ መሐንዲሱ ሚስተር ሃትን ማዳመጫውን ከጆሯቸው አወለቁ።

«ቤሪል፣ ወርደሽ እዪ። ወይ ሰይጣን ነው፣ ወይ ከዮርክሻየር የመጡት ልጆች ናቸው።»

ሰይጣን አልነበረም። አንድ ቀጭን ወጣት ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይነፋል።

«እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ልምምድ። ማንም የማይሰማኝ መስሎኝ ነበር።»

«ሕንፃው በሙሉ ሰምቶሃል። የሰው የፍቅር ዘፈን መሃል ዘው ብለህ ገብተሃል እኮ።»

ልጁ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ይቅርታ ለመጠየቅ ከንፈሩን ከፈተና ጥጉ ላይ ያለውን ማይክ ሲያይ መልሶ ገጠመው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኔቪል በዚያ ሕንፃ ውስጥ ወንበሩም ጠረጴዛውም ጆሮ ያለው ይመስለው ነበር። ቤሪል ደረጃውን ስትወጣ ለብቻዋ ሳቀች፤ ለምን እንደዚያ ደስ እንዳላት ግን አልገባትም።

ኔቪልና ሦስት ጓደኞቹ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሊሠሩ ከከሰል ማዕድን ከተማቸው የመጡ ናቸው። ዘፋኙ ሮይ ከአሜሪካ የመጡ የብሉዝ ሸክላዎችን እስኪፋቁ አዳምጦ ያደገ ነው፤ ጊታሩ እንዲያለቅስ፣ ድራሙ ግድግዳ እንዲያፈርስ ይፈልጋል። ኔቪል ደግሞ በአባቱ የማዕድን ሠራተኞች የጡሩምባ ባንድ ውስጥ፣ እሑድ እሑድም በቤተ ክርስቲያን መዝሙር መካከል ነው ያደገው። ሁለቱ በየዘፈኑ ይጣላሉ።

«ይሄ ሮክ ነው ወይስ የአያቴ ቀብር?» ይላል ሮይ።

«በአያትህ ቀብር ላይ የነፋሁት እኔ ነኝ። ያኔ አልቅሰህ ነበር» ይለዋል ኔቪል።

ያስታረቀቻቸው ቤሪል ናት። ሥራዋ ቴፑን ማስነሳት፣ ማቆም፣ ድምፅ የተቀረጸበትን ክር በምላጭ ቆርጦ መቀጠል ነው። ከዕለታት አንድ ቀን የኔቪልን ጡሩምባ በፈጣኑ ቀርጻ በግማሽ ፍጥነት አጫወተችው። የሚያውቁት ጡሩምባ ጠፍቶ፣ ከመሬት ሆድ የሚወጣ የሚመስል ወፍራም ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ቀጥላ ክሩን ገልብጣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስኬደችው። ድምፁ ከዝምታ ተነሥቶ፣ እያበጠ እያበጠ መጣና በድንገት ተቆረጠ።

ሮይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይከራከር ወደ ማሽኑ ተጠጋ። ኔቪል ግን ማሽኑን ትቶ እሷን ያይ ነበር።

«እኔ ነኝ ይሄ?»

«አንተ ነህ። ድምፅህ እንደዚህ እንደሚሰማ አታውቅም ነበር?»

«እኔ ማንነቴን ከማሽን ነው እንዴ የምሰማው?» አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ከዚያ ሁለቱም መሳቃቸውን ተዉና እንዲሁ ተያዩ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ቤሪል ወደ ሥራ የምትመጣው እየሮጠች ነበር። ፒያኖውን መዶሻው ላይ ሚስማር ሰክተው አንጫጩት፤ ጊታሩን በሚሽከረከር ድምፅ ማጉያ አሳለፉት። የመቅረጫ ማሽኑ አራት የድምፅ መስመር ብቻ ስለነበረው አራቱ ሲሞሉ ሁሉንም ወደ አንድ ጨምቀው፣ በተለቀቀው ቦታ ሌላ ይቀርጻሉ። አንዴ ከተጨመቀ ድራሙን ከጊታሩ መለየት አይቻልም። ያም ሆኖ ማንም አልፈራም። ኔቪል ደግሞ ሻይ ይዞላት ይመጣል፣ አጠገቧ ይቆማል፣ የሚናገር ይመስልና ዙሪያውን አይቶ ዝም ይላል።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። በማግሥቱ ቡድኑ ወደ አሜሪካ ይበርራል፤ ለአንድ ዓመት። ቤሪል ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ይወደኝ እንደሆነ ሳላውቅ ከሄደ አብዳለሁ፣ ዛሬ እጠይቀዋለሁ ብላ ቆርጣለች።

ቀረጻው አልቋል፤ የቀረው ሥራ የመጨረሻውን ዘፈን ድምፆች ማዋሃድ ብቻ ነበር። ከሥሩ የኔቪል ጡሩምባ ሳያቋርጥ እንዲዞር ቤሪል ረጅም ክር ጫፍና ጫፉን አጣብቃ ቀለበት አደረገችው። ቀለበቱ ማሽኑ ላይ አልበቃ ብሎ የማሽን ክፍሉን ከዳር እዳር አቋረጠ፤ ሁለት ሰው በእርሳስ ወጥሮ ሊይዘው ግድ ሆነ። ሚስተር ሃትንና የተቀሩት ልጆች ከመስታወት ግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል መቆጣጠሪያዎቹ ላይ ተረባርበዋል፤ ስለዚህ አንዱን እርሳስ ቤሪል፣ ሌላውን ኔቪል ያዙ። ከዚህ በፊት እሱ ሥራው እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርስ አይቶ አያውቅም፤ ሙዚቀኞቹን ነፍተውና መትተው ሲያበቁ ሻይ ጠጡ ብለው ያስወጧቸው ነበር።

ሰው እንዳይገባ በሩ ላይ፣ በቀረጻ ጊዜም የሚበራው ቀዩ መብራት በራ። ክሩ በመካከላቸው መሮጥ ጀመረ። ፊት ለፊት ቆመዋል፤ መንቀሳቀስ የለም።

«ኔቪል፣ ነገ ትሄዳለህ» አለች።

ዓይኑ ፈጠጠ። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

«አይ፣ ልናገር። እኔ እወድሃለሁ። ከዚያ ከምድር ቤት ጀምሮ። አንተስ?»

ራሱን አሁንም ነቀነቀ፣ አጥብቆ፣ ፊቱ ደም መስሎ።

«እሺ። ገባኝ» አለች ቤሪል።

ዘፈኑ ገና ነበር። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ እንኳ አልጠረገችውም፤ እጇን ካነሳች ክሩ ይላላል፣ የሰው ልፋት ይበላሻል። ቀዩ መብራት ሲጠፋ እርሳሱን አስቀመጠች፣ ካፖርቷን አነሳችና ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ፀሐይ ነበር፤ ሰዎች ተሰልፈዋል። ከኋላዋ የሩጫ ድምፅ ሰማች። ኔቪል ሰልፉን ጥሶ ላብ በላብ ሆኖ መጣ።

«ሰልፍ አለ እኮ፣ ልጄ» አሉት ኮፍያ ያደረጉ አሮጊት።

«ሰልፉን አልፈልገውም፣ እማማ። የምፈልገው እሷን ነው።»

ቤሪል ፊቷን አዞረች። «መልስህን ሰጥተኸኛል።»

«አልሰጠሁሽም። ቀዩ መብራት በርቶ ነበር እኮ፣ ቤሪል። ያልሽው ሁሉ ዘፈኑ ውስጥ የገባ መስሎኝ፣ ሥራሽን የምታጪ መስሎኝ ነው። ዝም በዪ ማለቴ ነው። ስትወጪ በሚስተር ሃትን እግር ላይ ልወድቅ ደረስኩ፤ የሷን ድምፅ አጥፉት፣ እባክዎ አያባርሯት ብዬ ለመንኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«‹የትኛው ማይክ?› አሉኝ። ሮይ እስካሁን መሬት ላይ ተኝቶ ይስቃል።»

ቤሪል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳቁም ልቅሶውም እኩል መጣባት።

«ታዲያ እዚህ ማይክ የለም» አለች።

ኔቪል በልማድ ዙሪያውን አየ። የሚያየው ሰልፈኛ ብቻ ነበር፤ ሁሉም ጆሮውን ጥሏል።

«እወድሻለሁ» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «ከአሜሪካ ስመለስ አባቴ ጋ ወስጄሽ፣ ይቺ ናት ብዬ ባሳይሽ ደስ ይለኛል። አግቢኝ።»

አውቶቡሱ መጥቶ ቆመ። ማንም አልተሳፈረም።

«ትገባላችሁ ወይስ አትገቡም?» አለ ትኬት ቆራጩ።

«ቆይ አንዴ፣ የሷን መልስ አልሰማንም» አሉት አሮጊቷ።

ቤሪል ኔቪልን ቀና ብላ አየችው። «ድገመው» አለችው።

«አልሰማሽኝም?»

«ሰምቻለሁ። ለመጠባበቂያ አንድ ቀረጻ ይጨመራል፤ የሙያችን ደንብ ነው።»

ኔቪል ደገመው፤ በዚህኛው ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ቤሪልም የአውቶቡሱ ሞተር እንዳይሸፍናት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እየሰማ እሺ አለችው።