ዘጠነኛዋ አመልካች

ስልሳ ሁለት በመቶ።

ባሮክ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ አልነቀለም። ፋይሎቹ የሚገለበጡበት ፍላሽ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ውጭ፣ በመሪ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ኮሪደር ላይ፣ የጋሽ ኤጀታ ሳል ተሰማ። ጋሽ ኤጀታ ከምሳ ሲመለሱ ሁልጊዜ ይስላሉ። ዛሬ ግን አሥር ደቂቃ ቀድመው መጥተዋል።

ሰባ አራት።

«ማነው ቢሮ ውስጥ?»

«እኔ ነኝ ጋሽ ኤጀታ። ፎርሜን እያረምኩ ነው።»

«አሁንም ፎርም? በዚህ አያያዝህ ጓደኞችህ ተመርቀው ሲመጡ አንተ እዚሁ ነህ!»

በሩ ተከፈተ።

መቶ።

ጋሽ ኤጀታ ሲገቡ ፍላሹ መዳፉ ውስጥ ነበር። ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ናቸው፤ ውጭ አገር ኮሌጅ ማፈላለግ ሥራቸው ነው፣ የሰው ልጅ ተቀብለንሃል የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ከልጁ ይልቅ እሳቸው ናቸው የሚያለቅሱት።

«ነገ እንጦጦ እንወጣለን፤ እንዳትቀር። የዘጠኙን ጓደኞችህን ማመልከቻ ሰኞ ከመላኬ በፊት እንጸልይበታለን።»

«አሜን» አለ ባሮክ።

ይቺ «አሜን» ስድስት ወር ፈጅታበታለች።

ባሮክ ስሙ አይደለም። እናቱ ያወጣችለት ስም ወልደ ኢየሱስ ነው፤ አባቱ ቄስ ናቸው። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ደግሞ «ሚዜ» ይለዋል። አለቃው ጎበና በስልክ «አጎቴ» ነው፤ ከጸሐፊዎቹ ጀምሮ ቢሮው ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራው። ሥራው «ሰርግ»፣ የሚመጣው ዕቃ «ጥሎሽ» ይባላል። መስመሩን የሚጠልፍ ቢኖር ዘመዳሞች ስለ ድግስ ሲጨነቁ ነው የሚሰማው።

በሁለት ሺህ አምስት መስከረም ላይ ጎበና ቢሮው አስጠርቶት ነበር።

«መሪ አንድ ቤት አለ» አለው። «የኮምፒውተር ወንጀል ምርመራ እንማራለን የሚሉ ልጆች እየተሰበሰቡበት ነው። ምን ሊያደርጉበት? ከመካከላቸው በማመልከቻ ደብዳቤ ስም የአገር ምስጢር የሚያሾልክ አለ። ደብዳቤዎቹ ሳይላኩ እፈልጋቸዋለሁ።»

አመነው። ምን ያድርግ፣ ማመን ሥራው ነበር። ቤቱ የጴንጤዎች ስለሆነ እሱም ጴንጤ ሆነ። መዝሙር አጠና። በጾም ዓርብ ሰው ፊት ጥብስ በላ፤ የመጀመሪያ ቀን እስኪመሽ ድረስ ሲያስመልሰው ዋለ። ቀስ በቀስ ሁሉንም ለመደው። ያልለመደው ጵርስቅላን ነው።

ጵርስቅላ ከቢሮው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ጓደኞቿ ልብስና ፀጉር ሲያወሩ እሷ ስለ ኮሌጅ ታወራለች። የሠላሳ አንድ ኮሌጆች ስም የያዘ ደብተር ነበራት፤ አብዛኛው ተሰርዟል። እንደ ባሮክ ያለ ሰነፍ አመልካች ስታገኝ ደግሞ አትለቅም።

«ይሄን ተወው፣ ዌብሳይቱ ብቻ ነው የሚያምረው። የራሱ አገር እውቅና ከሰጣቸው ዝርዝር ውስጥ የለም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ፈለግኩ አይደል! ገጹ እስኪከፈት ጺም አበቀልኩ እንጂ አገኘሁት። ኮርሱንም እይ ደግሞ፣ ኮምፒውተር ብቻ የሚያስተምር ምን ይሠራልሃል? ማስረጃህ ፍርድ ቤት እንዲቆም ሕጉንም ማወቅ አለብህ። ሁለቱንም የሚያስተምሩ አራት ናቸው። ከአራቱ ነጻ የትምህርት ዕድል ያለው አንድ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ይበቃኛል» አለች።

ለምን እንደዚህ እንደምትታገል አልጠየቃትም። ሰላይ ብዙ ሲጠይቅ ይነቃበታል ብለው አስተምረውታል። ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ምናለ! እያለ በኋላ ስንቴ ተቆጨ።

ቅዳሜ ጠዋት በተከራዩት ሚኒባስ ተጫኑ። ሽሮ ሜዳን አልፈው ዳገቱን ሲጀምሩ ሾፌሩ አንደኛ ማርሽ አስገባ። ከአመልካቾቹ አንዱ ዋቅቶላ ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይመታል፣ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ። ባሮክም ያጨበጭባል። ፍላሹ ካልሲው ውስጥ ነው። ብርዱ በመስኮት ይገባል።

መኪናው እንጦጦ ማርያም ደጃፍ ደረሰ።

የባሮክ እጅ ተነሳች።

ግንባር። ደረት። ግራ ትከሻ ላይ ስትደርስ ነቃ።

እጁን እንደሚያክ ሰው አንገቱ ላይ አሳረፋት። ላብ ጀርባውን አጠመቀው። ዙሪያውን ቃኘ፤ ጋሽ ኤጀታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘምራሉ፣ ዋቅቶላ ክሩን ያጠብቃል።

ጵርስቅላ ግን እያየችው ነበር።

ጫካው ውስጥ ገብተው ሁሉም ለጸሎት ሲበታተኑ መጣች። ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። ፊት ለፊቱ ቆመች።

«አንተ ማነህ?»

«ምን ማለትሽ ነው? የልጅነት ልማድ ነው ባክሽ። ከኦርቶዶክስ ቤት ነው የመጣሁት፣ ነግሬሻለሁ አይደል?»

«እጅህን አይደለም የምልህ። ከዚያ የመጣን ብዙ ነን፤ የኔም እጅ ስንቴ ሄዳለች። እጃችን ሲሄድ እንሳሳቃለን፣ ያልፋል። አንተ ግን ሞት ነው የመሰልከው። ያ ፊት ያመነ ሰው ፊት አይደለም፣ የተያዘ ሰው ፊት ነው።»

ባሮክ ፍላሹ ያለበትን ካልሲ ወደ ላይ ሳበ።

«የኔን ደብዳቤ ፈልገው ነው የላኩህ?»

«ደብዳቤሽ ውስጥ ምን አለ?»

«እህቴ ናታ ያለችው!» ድምጿ ተሰበረ። ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ጸጋ ትባል ነበር፣ ታናሿ። አንድ ሰው በስሟ ፌስቡክ ከፈተ። ፊቷን ከሌላ ሴት ገላ ጋር አጣብቆ ለዘመድ፣ ለቸርች ሰው፣ ለእጮኛዋ ላከው። አይደለሁም ብትል ማን ይስማት? በሦስተኛው ሳምንት መድኃኒት ጠጥታ ሞተች።

«ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ‹የዚህ ባለሙያ የለንም እህቴ› አሉኝ። እሺ፣ ከሌለ እኔ እሆናለሁ አልኩ። በዚያ አካውንት የይለፍ ቃል ረሳሁ ብዬ ስጫን የስልኩን የመጨረሻ ሁለት ቁጥር አሳየኝ። አርባ ሰባት። በቃ፣ ያለኝ እሱ ነው። ደብዳቤዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ መማር የምፈልገው የቀረውን ቁጥር ለማግኘት ነው ብዬ።»

«የት ትሠራ ነበር ጸጋ?»

«አንድ ቢሮ፣ ጸሐፊ። አለቃዋ አላስቀምጥ ብሏት እምቢ ብላዋለች። ስሙን አልነገረችኝም። ‹አጎቴ› እያሉ ነው አሉ የሚጠሩት።»

ባሮክ በቃሉ የሚያውቀው ስልክ አንድ ብቻ ነው። መጻፍ ክልክል ስለሆነ ነው የሸመደደው። መጨረሻው አርባ ሰባት ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«ሚዜ። ጥሎሹስ?»

«ይዤዋለሁ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ሽሮ ሜዳ። የልጅቷም ደብዳቤ አለበት አይደል?»

«የየትኛዋ ልጅ?»

ከወዲያ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ።

«የሁሉም ማለቴ ነው» አለና ጎበና ዘጋው።

ስድስት ወር! ስድስት ወር ሙሉ አገር እየጠበቅሁ ነው ሲል የአንድ ባለጌ ጉድ ሲሸፍን ኖሯል። ባሮክ ሊጮህ ፈለገ። የሚጮህበት ስም እንኳ አልነበረውም።

«ፓስፖርትሽ የት ነው?»

«ጋሽ ኤጀታ ጋ፣ ቦርሳቸው ውስጥ።»

«አሁኑኑ ተቀበያቸው። ዛሬውኑ በሞያሌ ውጪ። ናይሮቢ ሆነሽም ማመልከት ይቻላል።» ከደብተሯ ቅጠል ቀደደና ዐሥሩንም ቁጥር ጻፈላት። ከሥሩ የጎበናን ሙሉ ስም ጻፈ። «የቀረው ቁጥር ይሄው። እኔንም የላከኝ እሱ ነው።»

ወረቀቱን አየችው። ከዚያ እሱን።

«ሌሎቹስ?»

«ፋይላችሁን የገለበጥኩበትን ፍላሽ ካልሰጠሁት ዛሬውኑ መጥቶ ሁላችሁንም ይለቅማል። ያላንቺ ፋይል ከሰጠሁት ሁለት ቀን ሲያነብ ይውላል። እነሱም ከጠፉ ግን ማታውኑ ኬላ ያስዘጋል።»

«ባሮክ። ሌሎቹስ አልኩህ።»

«ምን ያገኝባቸዋል? አንብቦ ይተዋቸዋል።»

ሲናገረው ግማሹን አምኖት ነበር። እሷ የቱን ያህል እንዳመነችው አላወቀም። ዓይኗን ጠርጋ ወደ ጋሽ ኤጀታ ሄደች። ሰውዬው ምንም ሳይጠይቁ ፓስፖርቱን አውጥተው ሲሰጧትና ግንባሯን ሲስሟት ከሩቅ አየ። ከኋላዋ ዋቅቶላ መዝሙር ጀመረ።

ባሮክ ሽሮ ሜዳ ወርዶ ኢንተርኔት ቤት ገባና የእሷን ፋይል ከፍላሹ አጠፋ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጎበና መኪና ከጥበብ ሱቆቹ ፊት ቆመ። ባሮክ ከኋላ ገባ። ጎበና ፍላሹን ተቀብሎ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ፋይሎቹን ቆጠረ።

«ዘጠኝ ብለኸኝ ነበር።»

«አንዷ ትታዋለች። ልታገባ ነው አሉ።»

ጎበና በመስታወት አየው።

«የት ነው ቤቷ?»

«ኮተቤ።»

ቤቷ መሪ ነበር። ጎበና ጻፈ። «ጎበዝ» አለ። «ሰርጉ አልቋል። ውረድ።»

ሰኞ ማታ ጵርስቅላ ሞያሌን ተሻገረች። ማክሰኞ ጠዋት የጋሽ ኤጀታ ቢሮ ታሸገ፤ እሳቸውና ስምንቱ ልጆች ታሰሩ። ምንም አልተገኘባቸውም። ግን አልተለቀቁም፤ ጎበና ዘጠነኛዋ የት እንደገባች ከአፋቸው ማውጣት ፈልጎ ነበር። እነሱ ደግሞ ከየት ይወቁ? ዐሥራ አንድ ወር ተቀመጡ። ዋቅቶላ ሲወጣ የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም። ጋሽ ኤጀታ አልወጡም፤ ልጆቹ በተፈቱ በሳምንቱ እዚያው ሞቱ። ሳሉ ነው የገደላቸው ተባለ።

ባሮክ ቀብራቸው ላይ አልቆመም። የካ ሚካኤል መታጠፊያ ላይ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ሆኖ ለቀስተኛውን አሳለፈ። ልጆቹን አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ስምንቱም ነበሩ። በዚያ ሳምንት ስሙ ተቀየረ፣ መዝገብ ቤት ተመደበ።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ አዲሱ አለቃ አስጠራው። ጠረጴዛው ላይ አርባ ገጽ ሰነድ ነበር። ጎበና ከሥራ ታግዶ በቁጥጥር ሥር ከዋለ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ያስያዘው ይሄ ሰነድ ነው። ላኪዋ ውጭ አገር ተመርቃ እዚያው የምትሠራ መርማሪ ናት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ አካውንቱ የተከፈተበት ኮምፒውተር፣ ስልኩ፣ የሕጉ አንቀጽ፣ ሁሉም በየቦታው ተሰድሯል። ለዐቃቤ ሕግም ለጋዜጦችም ልካዋለች። ሽፋኑ ላይ የጸጋ ፎቶ አለ፤ እውነተኛው ፊቷ፣ በእውነተኛ ልብሷ።

አገኘችው! ያን ኮሌጅ አገኘችው። ደስታው ሳያስበው ነው የመጣበት፣ ከስንት ዓመት በኋላ።

«ሠላሳ ስምንተኛውን ገጽ እይ» አለ አለቃው።

ገለጠ። ዐጭር አንቀጽ ነበረች።

«ባሮክ፣ የሐሰት ስም። የጎበናን ማንነት የነገረኝና ሕይወቴን ያተረፈው እሱ ነው። የስምንት ንጹሐን ሰዎችን ፋይል አሳልፎ የሰጠው፣ ለአቶ ኤጀታ ሞትም ምክንያት የሆነው እሱ ነው። ሁለቱም እውነት ስለሆነ ሁለቱም ይመዝገብ።»

ሁለቴ አነበባት። የሚያርመው አንድ ቃል አጣ።

«መዝገብ ቤት የቆየኸው አንተ ነህ» አለ አለቃው። «ይሄን ሰው ታውቀዋለህ?»

እኔ ነኝ ማለት ፈለገ። እግዜር ያውቃል፣ ፈልጓል። ቃሉ ጥርሱ ጋ ደርሶ ነበር።

«አላውቀውም» አለ።

«የኔም ነገር፣ ይሄም ጥያቄ ሆኖ! የውሸት ስማቸውን ማን ያስታውሳል!» አለቃው ሰነዱን መለሰለት። «ቁጥር ስጥና አስገባው።»

መዝገብ ቤት ወርዶ ቁጥር ሰጠው፣ ቀን ጻፈበት፣ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወጣ። መገናኛ የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር። መጨረሻው ላይ ቆመ።