ጥንድ የሌላት ጓንቲ

ሞግዚቷ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተደፍታ ነበር። ካውያው አጠገቧ ወድቋል። ቀኝ እጇ ከአንጓዋ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ደቅቋል፤ ጭንቅላቷ ላይ ያረፈው ምት ግን አንድ ብቻ ነው። ግራ እጇ ላይ ጭረት እንኳ የለም።

መርማሪዋ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። ባልደረቦቿ «እመቤት ቀስ በቀስ» የሚሏት ያለ ነገር አይደለም።

«ሌባ ነው» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ።

«ሌባ እጅ አይመርጥም። ይሄ የቤት ንዴት ነው።»

ከሟቿ የሽርጥ ኪስ አንዲት የሕፃን የሱፍ ጓንቲ አወጣች። በክር የምትታሰር ናት፤ ጥንዷ ግን የለም።

የቤቱ ሕፃን ትናንት ድንገት ተንቀጥቅጣ ሆስፒታል ገብታለች። ልብስ ሰፊው አባቷ ዓይኑ ደም መስሏል።

«አዎ፣ እገድላታለሁ ብዬ ፎክሬያለሁ! ሐኪሙ ስትሮክ ሲል ጆሮዬን ይዤ ሮጬ ወጣሁ። የሽማግሌ በሽታ በምን አገኛት? ሞግዚቷ መትታት ነው እንጂ!»

«የትኛው ጎኗ ነው የተጎዳው?»

«ጎን ደግሞ ምንድን ነው? መላ አካሏ አይደለም እንዴ?»

ሹፌሩ አጎቷ ሆስፒታል ሲያደርሳቸው ከመኪናው ሳይወርድ ለቅሶ ብቻ እንደሰማ ተናገረ። የአባትየው ታላቅ እህት ግን ጓንቲዋን እንዳየች ፈገግ አለች።

«የእጄ ሥራ ናት! ልጅቷ ገና በአራት ወሯ ሁሉን በግራዋ ስትይዝ፣ ግራኝ እንዳትሆንብን ግራዋን አሰርኩላት። ያቺ ሞግዚት ግን እየፈታች አስቸገረችኝ። ‹ቀኟ አልታዘዝ ብሏታል፣ ሐኪም ይያት› ትላለች። አዋቂ!»

«ሞግዚቷን መቼ ቀጠራችኋት?»

«ልጅቷ መቀመጥ ስትጀምር።»

«ስለ ሕመሟስ ምን ሰሙ፣ እትዬ?»

«ምንም። ስትሮክ ይሁን ምች፣ እስከ ዛሬ ጠዋት ማን ነግሮኝ?»

ከሰዓት በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ሆስፒታል ውስጥ በሕፃኗ አልጋ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። የቁልፍ ዘለላዋን ሕፃኗ ፊት አንቀጫቀጨች። ሕፃኗ ግራ እጇን ሰደደች፤ ቀኟ ደረቷ ላይ እንደተጨበጠ ቀረ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ዶክተር፣ ይንገሯቸው።»

«ስትሮክ ሕፃንንም ይይዛል» አለ ሐኪሙ። «በማህፀን ሳለች ወይም ስትወለድ አካባቢ የአንጎሏ ደም ሥር ተዘግቷል። ልጅ ዓመት ሳይሞላው አንድ እጁን ብቻ ከመረጠ፣ ሌላው ደክሞ ሊሆን ይችላል። ትናንት ያንቀጠቀጣት የቆየው ጠባሳ ነው። የመታት ሰው የለም።»

«በከንቱ ፎከርኩባት!» አለ አባትየው።

«ገዳዩ ግን ሞግዚቷ መታቻት ብሎ አምኗል» ቀጠለች መርማሪዋ። «ቀኝ እጇን ነጥሎ ያደቀቀው ለልጅቷ ቀኝ እጅ ሊበቀል ነው። ቀኟ መሆኑን ማን ያውቃል? አባቷ ሳይሰማ ሮጧል፤ አጎቷ መኪና ውስጥ ነበር። ከሐኪሙ የሰማሽው አንቺ እናቷ ነሽ፤ ለማን ነገርሽ?»

እናትየዋ ቀስ ብላ ዞረች። «ለእትዬ ብቻ። ማታ ደውዬ ‹ቀኝ እጇ ሞተ› አልኳት።»

«ለእኔ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ምንም አልሰማሁም አሉኝ፣ እትዬ።»

«የልጄን እጅ ገደለችብኝ!» አክስትየዋ ጮኸች። «‹በየትኛው እጅሽ ነው የመታሻት?› እያልኩ ጣቶቿን ቀጠቀጥኳቸው። ትምላለች! አልነካኋትም ብላ ስትምልልኝ የባሰ ነደድኩ፤ ጭንቅላቷን አልኳት!»

መርማሪዋ ጓንቲዋን አክስትየዋ ጭን ላይ አኖረች።

«ይቺን የሠሯት ሞግዚቷ ሳትመጣ ነው። ልጅቷ ያኔም ታማ ነበር። የሚሠራላትን አንድ እጅ ያሰሩት እርስዎ ነዎት፤ የፈታችላት ያቺ ናት።»

አክስትየዋ ጓንቲዋን አገላብጣ አየቻት።

ሕፃኗ ክሩን አይታ ግራ እጇን ዘረጋች። አክስትየዋ ልትሰጣት ጎንበስ ስትል እናትየዋ ልጇን ከአልጋው አንስታ ጀርባዋን ሰጠቻት።