ጥጉ ላይ ያለው ፖርስሊን

ባልቴቷ የሞቱት ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፍተው ባሠሩት፣ አንድ ሌሊት እንኳ ባላደሩበት ቤት ነው። ያገኘቻቸው ከሥራ ወጥታ ልታያቸው የመጣችው ሴት ልጃቸው ናት፤ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ተዘርግተው፣ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ፣ አጠገባቸው የማጣበቂያ ባልዲ ተገልብጦ። ጣቢያው ነገሩን ለመጨረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ባልዲው የማን ነው? የሴራሚክ ሠሪው። ደረጃ ላይ የተወውስ? እሱ ነዋ! አለቀ፤ ሰውየው ታሰረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «እሾህ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። አለቀ የተባለውን ጉዳይ ሲሰጧት ተናዳ ነበር፤ እስረኛውን ስታይ ባሰባት። ሰውየው እጁ በካቴና ታስሮ፣ ጥፍሩ ሥር ማጣበቂያ እንደደረቀ ተቀምጧል።

«ባልዲውን ለምን ደረጃ ላይ ተውከው?»

«አልተውኩትም! አጥቤ ጓሮ ነው የደፋሁት። እህቴ፣ የልጆች አባት ነኝ። በሰው ነፍስ ከተፈረደብኝ ማን ያሳድግልኛል?»

«ስትነጥፍ ነው የዋልከው?»

«በምን እጄ? ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ፖርስሊን አንዱ በር ያህላል እኮ! ለሁለት ካልያዙት ንቅንቅ አይልም። የሥራ ጓደኛዬ ቀብር ሄዶ ቀረብኝ። ጠዋት ሳሎን ክፍተት ክፍተቱን ሞላሁና ለእትዬ ነግሬ ወጣሁ።»

መርማሪዋ ወደ ቤቱ ሄደች። ጫማዋን አውልቃ፣ እየተንበረከከች፣ ወለሉን በጣቷ አንጓ እያንኳኳች ክፍል ለክፍል ዞረች። ሁሉም ድፍን ድምፅ ነው የሚሰጠው። ከኋላው መኝታ ቤት ጥግ ስትደርስ ግን አንዱ ፖርስሊን እንደ ባዶ ጣሳ አስተጋባ። አጠገቡ ባሉት ፖርስሊኖች መሐል ወለሉን እኩል የሚይዙት የፕላስቲክ ሽብልቆች እንደተሰኩ ናቸው፤ በዚህኛው ዙሪያ አንድም የለም፤ ጫፉም ብድግ ብሏል። 

የባልቴቷን ትልቅ ወንድ ልጅ አስጠራችው።

«የዚያን ዕለት የት ዋልክ?»

«ሱቄ ነዋ! ያ ግዴለሽ ባልዲውን እንደ ወጥመድ ደቅኖ እናቴን በላት!»

«ወንድምህስ?»

«ስለ እሱ አይጠይቁኝ። ከተነጋገርን ዓመታት አልፈዋል።»

ትንሹ ልጅ ሾፌር ነው። ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ያ ሰውዬ ባልዲውን እንደ ወጥመድ ደቅኖ እናቴን በላት! ይሰቀልልኝ!»

«ከወንድምህ ጋር ተገናኝታችኋል?»

«እኔና እሱ? እሳትና ጭድ ነን። ለሰላምታ እንኳ እጅ አንሰጣጥም።»

እህታቸው በመጨረሻ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እማዬ ቤቱን ለእኔ ልትሰጠኝ ነበር። የዚያን ዕለት ለወንድሞቼ እነግራቸዋለሁ ስትል፣ ተይ፣ ይቅርብኝ አልኳት። መች ትሰማለች!»

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እሷ፣ እኔ፣ ወንድሞቼ። ሠራተኛው የሚገባው እማዬ ስትከፍትለት ነው።»

በማግሥቱ መርማሪዋ ሁሉንም ኋላ መኝታ ቤት ሰበሰበቻቸው። ሴራሚክ ሠሪው ከነካቴናው ቆሟል። ጓደኛውንና አንድ ፖሊስ ጥጉ ላይ አቆመቻቸው።

«እዚህ ቤት ሁሉም ፖርስሊን የተነጠፈው ማጣበቂያው ሥሩን በሙሉ ለብሶ፣ በባለጥርስ መሣሪያ ተበጥሮ ነው» አለች። «ለዚህ ነው ድፍን የሚለው። ይኼኛው ግን ባዶ ይጮኻል። የቸኮለ ሰው ማጣበቂያውን እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ አድርጎ ነው ያስቀመጠው። አንሡት!»

ሁለቱ ሰዎች አየር መጥጦ ላዩ ላይ በሚጣበቅ እጀታ ይዘው ሳቡት። ብዙም ሳያስቸግር ተላቆ ወጣ። ከሥሩ አምስት የማጣበቂያ ጉብታ፣ በመካከላቸው ባዶው ሲሚንቶ መጥጦት የጠቆረ የደም እድፍ።

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ባልቴቷ የወደቁት ደረጃው ላይ ሳይሆን እዚህ ነው» አለች መርማሪዋ። «ደሙ ገና ካልተነጠፈው ሲሚንቶ ላይ አልታጠብ ሲል በፖርስሊን ተሸፈነ። አሁን ንገሩኝ፣ ለሁለት ካልሆነ የማይነሣውን ማን አነሣው? ይኼ ሰው ብቻውን ነበር፤ ጓደኛው ቀብር ላይ ውሏል፣ ያዩት ብዙ ናቸው። እህታችሁ ከሥራ ቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ቁልፍ ያለው ማን ቀረ? አንነጋገርም ያላችሁት ሁለት ወንድማማቾች! ባትነጋገሩ ኖሮ አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ከየት አመጣችሁ? አብራችሁ ያጠናችሁትን ነው ያነበነባችሁልኝ!»

«ገፋ ነው ያደረግኳት!» አለ ትልቁ፣ ላቡ እየወረደ። «ቤቱ ለእህትህ ነው ስትለኝ ደሜ ፈላ። የግድግዳው ጠርዝ መታት።»

«እኔ ደውሎልኝ ስመጣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር» አለ ትንሹ።

«ውሸታም!» መርማሪዋ ጮኸች። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ከተመቱ በኋላ ለሰዓታት በሕይወት ነበሩ ብሏል። ምን ሰማህ? ተናገር!»

ትንሹ ወንድሙን አየው።

«ታቃስት ነበር» አለ። «ቤቱን ለሁለት እንካፈላለን አለኝ።»

«ስለዚህ እናታችሁ እያቃሰቱ ማጣበቂያ በጠበጣችሁ! ከዚያም ተሸክማችሁ ያወጣችኋቸው ወደ ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ደረጃው ነው። ባልዲውንም አጠገባቸው ገለበጣችሁ፣ የሰው አባት እንዲሰቀልላችሁ!»

ካቴናው ከሴራሚክ ሠሪው እጅ ወልቆ በትልቁ እጅ ገባ። ሠራተኛው ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ። እህታቸው ግድግዳው ላይ ወደተደገፈው ፖርስሊን ሄዳ በሁለት እጇ ገፋችው፤ ፍንክች አላለም።

«ጋሼ፣ ይኼን ድንጋይ ነው ለሁለት የተሸከማችሁት?» አለች።

ከዚያ ወደ ሁለቱም ዞረች።

«እማዬ እኮ ከዚህ ትቀል ነበር! አንዳችሁ እንኳ ብቻውን አንሥቶ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ይችል ነበር!»