አውራ ጣቷ ያልደረሰበት ቁልፍ

መሐንዲሱ በሩን ከፍቶ ሲገባ መርማሪዋ ልቧ ድንግጥ አለ። ፍቅር ይሁን ፍርሃት እሷም አልለየችውም።

ሥራዋ ገበያ ላይ ያልወጡ ዕቃዎችን ፈትሻ «ይሸጣል» ወይም «አይሸጥም» ማለት ነው። እሷ አይሸጥም ካለች ኩባንያው አያከፋፍለውም። እሱ ደግሞ ዓመታት የደከመበትን በእጅ የሚያዝ ጌም መጫወቻ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ መጥቷል።

«እባክዎ ቀስ ብለው ይያዙት» አላት።

«አልበላውም!» አለችና ወዲያው አፈረች። እሱ ግን ሳቀ። በዚያች ሳቅ አለቀላት።

ሲመላለስ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» መጣ። የመጫወቻው ስክሪን ውብ፣ ፍጥነቱም ግሩም ነበር። ግን ትንሽ ስትጫወት ጀርባው ይግላል፣ አውራ ጣቷም መሀል ያለው ቁልፍ ላይ አይደርስም። ስልክ በኪሱ የያዘ ሰው ይህን ችሎ ለምን ይገዛዋል?

ብትነግረው ይጠላታል። ብትደብቀው ገዢው እየመለሰ ልፋቱን ገደል ይከተዋል። ፍርሃቱ እህል አላስቀምስ አላት።

ውሳኔ በሚሰጥበት ስብሰባ ላይ «እንዲህ እንዳለ... አይሸጥም» አለች። እሱ ዕቃውን ይዞ ወጣ። ስልኩንም ዘጋ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን እንደምንም ደፍራ ወርክሾፑ ሄደች። ጠረጴዛው በባዶ የመጫወቻ ቀፎዎች ተሞልቷል።

«ጠላኸኝ አይደል?»

«እኔ? የናቅሽኝ መስሎኝ ተደበቅኩ እንጂ! ሙቀቱን አስተካክያለሁ። ቁልፉ ግን እኔን አያስቸግረኝም...»

«በማን እጅ ለክተህ ነው የሠራኸው?»

ሰፊ መዳፉን ዘርግቶ አየው። «በራሴ» አለና አቀረቀረ። «እስቲ እጅሽን...»

ማስመሪያውን አውራ ጣቷ ላይ አስጠጋ። አንዴ ለካ፤ ደግሞ እንደገና ለካ።

«ምን ሆንክ?»

«እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ።»

«አልሄድም!» አለችው። ለክቶ ከጨረሰም በኋላ እጇን አልለቀቀም።

ከወራት በኋላ አዲሱ መጫወቻ ለፍተሻ ሲደርስ አለቃዋን «በዚህ እኔ አልፈርድም፤ እጮኛዬ ነው የሠራው» አለቻቸው። ፍተሻው ለባልደረባዋ ተሰጠ።

ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከፍተሻ ክፍሉ ውጪ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ከውስጥ ድምፅ ጠፋ።

«ለምን ዘገየች?» አለ፣ ላብ አጥምቆት።

መታገሥ አቃታትና በሩን ገፋ አደረገችው። ባልደረባዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«ቆይ፣ ቆይ! ይቺን ዙር ልጨርስ!»